የአንበጣ ተኳሹ ግዝት

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነውን ባዘዘውን አላውቀውም የሚል ሹፌር ካለ ወይ አዲስ ነው፣ ወይ ዋሽቷል። ሱቁ ሱቅ ለመባል ትንሽ ይቀራታል። በቆርቆሮ የተሠራች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው አንድ እግሩን ውጭ የሚያቆምባት ጠባብ ቤት ናት። ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አያጣትም። ያ ሁሉ ሰው ስልኩ ተበላሽቶበት የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው የሚመጣው ለጌሟ ነው።

ጌሟ በእጅ የምትያዝ፣ የጡብ ግማሽ የምታህል ግራጫ ፕላስቲክ ናት። ዕድሜዋ ከብዙዎቹ የሚኒባስ ረዳቶች ይበልጣል። ስክሪኗ ቀለም የሚባል ነገር አታውቅም፤ አረንጓዴ ነገር ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ አለቀ። ታች አንዲት የጠፈር መርከብ አለች። ከላይ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጥረቶች በረድፍ በረድፍ ሆነው ይወርዳሉ፤ መርከቧ ግራና ቀኝ እየሸሸች ትተኩሳቸዋለች። ዘጠነኛው ደረጃ ላይ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ትልቅ ጉድ ይመጣል። እሱን የገደለ ከአንደኛው ደረጃ እንደገና ይጀምራል፤ ፍጥነቱ ግን ይብሳል። የመናኸሪያው ሰው ትንንሾቹን "አንበጣ"፣ ትልቁን "አለቃው" ይላቸዋል። ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም። "አንበጣ ልትተኩስ ነው?" ከተባለ "ባዘዘው ጋ ልትሄድ ነው?" ማለት ነው።

ባዘዘው የቁይ ልጅ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማርቆስ መጥቶ፣ ከሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤት እያስመጣ ተማረ። ማትሪክ ላይ ወደቀ። ወደቀ ስንል በአንዲት ነጥብ መስሏችሁ እንዳታዝኑለት፤ አሳምሮ ነው የወደቀው። እጁ ግን ለጉድ ነበር። የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ዝም ባለ ጊዜ የፈታውና ያናገረው እሱ ነው። በዚህ የተደሰቱት የፊዚክስ አስተማሪው ጋሽ እንዳላማው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመሳቢያቸው ይችን ጌም አወጡለት። አንድ የውጭ አገር መምህር ጥሎላቸው የሄደው ዕቃ ነው፤ አይሠራም። "ከሠራችልህ ያንተ ትሁን" አሉት። በሦስተኛው ቀን ሠራች። ይኸው እስከ ዛሬ ትሠራለች።

ጌሟ አንድ ጠባይ አለባት። የምታስታውሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ የተገኘውን ከፍተኛ ነጥብ። እሱን ከላይ በጥግ በኩል ጽፋ ታሳያለች። ስም የለ፣ ቀን የለ፣ ቁጥሯ ብቻ። ሌላ ሰው ከበለጠ የድሮው ቁጥር ይጠፋል፤ እንዳልነበረ ይሆናል። የባትሪው ድንጋይ ካለቀ ደግሞ ሁሉንም ትረሳዋለች። ባዘዘው ለዚህ መላ ፈጥሯል። ከጎኗ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በእርሳስ በይዶላታል፤ ድንጋይ ሲቀይር ሽቦዎቹን ከሌላ ድንጋይ ጋር አገናኝቶ፣ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ ኃይል ሳያሳጣት ነው የሚቀይረው። ቁጥሯን በዚህ አኳኋን ሃያ ዓመት አቆያት። አርባ ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ። የባዘዘው ናት።

እንግዲህ ሰው የሚታወቅበት ነገር ይፈልጋል። አንዱ በመሬቱ ይታወቃል፣ አንዱ ዶክተር በሆነ ልጁ፣ አንዱ በድምፁ። ባዘዘው የሚታወቀው በዚች ቁጥር ነው። አዲስ ረዳት መናኸሪያ ሲገባ ነባሮቹ እጁን ይዘው ያመጡታል። "ያውልህ፣ ያ ነው። ሃያ ዓመት የበለጠው የለም" ይሉታል። ባዘዘው ቀና ሳይል፣ የሰማ ሳይመስል፣ ብሎን ይፈታል። ግን ይሰማል። ለዚች ለዚች ሲል በጠዋት የሚነሳበት ቀን ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናው እንምጣ። ምስጋናው የደብረ ወርቅ መስመር ሹፌር ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሲስቅ ሱቋ የምትንቀጠቀጥ። የባዘዘው ሚዜ ነበር። ሚዜ ሲባል ለፎቶ የቆመ አይደለም። ሙሽራዋን የኔአለምን ለመውሰድ ሲሄዱ ዝናብ መኪናውን ጭቃ ውስጥ ቢይዘው፣ ባዲስ ሱፉ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የገፋ ሚዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ተራው እስኪደርስ ባዘዘው ጋ ይቀመጣል፤ አንበጣ ይተኩሳል፣ ሰላሳ ሺህ ላይ ይሞታል፣ "አይ አንተ ጌም" ብሎ ይስቃል፣ ይሄዳል።

ሐምሌ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ሚኒባሶቹ ከነጭቃቸው ቆመዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሥራ የፈታ ሹፌርና ረዳት በሙሉ በባዘዘው በራፍ ተኮልኩሏል። ምስጋናው ጌሟን ይዞ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብሏል። ባዘዘው ጀርባውን ሰጥቶ የስልክ ስክሪን እየቀየረ ነው። ጌሟን ለማወቅ ግን ዓይን አያስፈልገውም፤ ጆሮው ይበቃዋል። "ጢጥ ጢጥ" የምትለው ሲፈጥን ስድስተኛ ደረጃ ነው፣ ስትወፍር አለቃው መጥቷል ማለት ነው።

አለቃው አንዴ ሞተ። ሁለቴ ሞተ። ሦስቴ ሲሞት ረዳቶቹ ምስጋናውን ከበው ተደራረቡበት። ጎረቤቱ ጨርቅ ሻጯ ፈውዚያ ጃንጥላ ይዛ "ምን ሆናችሁ? ሰው ታመመ?" እያለች መጣች።  ባዘዘው የያዘውን ብሎን የት እንዳስቀመጠው ጠፋበት።

ከዚያ ያቺ ዜማ ተሰማች። አዲስ ከፍተኛ ነጥብ ሲገኝ ጌሟ የምታሰማት አጭር ዜማ አለች። ባዘዘው በሕይወቱ ያቺን ዜማ ከራሱ እጅ በቀር ከማንም እጅ ሰምቷት አያውቅም።

"ሃምሳ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥር!" ብሎ ጮኸ አንዱ። "ይበል! ይበል!" አሉ ረዳቶቹ፤ ጎጃም አይደለም? ቅኔ የተዘረፈ ይመስል በራፉን አናወጡት። ምስጋናውን ተሸከሙት። ጭንቅላቱ ከቆርቆሮው ጋር ተጋጨ፤ እሱ ግን ይስቃል።

ባዘዘው ዞሮ "እንኳን ደስ አለህ" አለ። ሳመውም። ወዲያው ስክሪኗን አየ። አርባ ስምንት ሺሁ የለም። ሃያ ዓመት በድንጋይ በድንጋይ ያሻገራት ቁጥር፣ እንዳልነበረች ሆናለች። ሆዱ አረረ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ አረረ!

ማታ ቤቱ ሲገባ የኔአለም ወሬውን ቀድማ ሰምታዋለች። የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆነች የማትሰማው ነገር የለም።

"ምስጋናው በለጠህ አሉ?" አለችው እራቱን እያቀረበች። "እሱ እኮ ድሮም እጁ ቀልጣፋ ነው።"

"ወጡ ጨው በዝቶበታል" አላት።

"ኧረግ! ጨው ጭራሽ ረስቼዋለሁ እኮ።"

ባዘዘው እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ የምስጋናው ነገር ሁሉ ያናድደው ጀመር። ሳቁ ያናድደዋል፤ ምን ያስቀዋል? አዲስ ጫማው ያናድደዋል። በዚያ የማርቆስ ብርድ የሌላው ሰው መኪና ሲንተፋተፍ የምስጋናው ሚኒባስ በአንድ ቁልፍ መነሳቷ ሳይቀር ያናድደዋል። የባሰው ደግሞ አዲስ መጤዎቹ ናቸው። አሁን በራፉ ላይ ቆመው፣ እሱን አልፈው ወደ ውስጥ እያዩ፣ "ምስጋናው የቱ ነው?" ይላሉ። በገዛ ሱቁ! "እኔ እንጃ" ይላል ባዘዘው፣ ምስጋናው አጠገቡ ተቀምጦ።

ሱቁን ከመክፈቱ በፊት አንድ ሰዓት ቀድሞ እየመጣ መለማመድ ጀመረ። አርባ አራት ሺህ። አርባ ሺህ። አርባ ስድስት ሺህ፣ ከዚያ እጁ ያልበዋል፤ ይሞታል። ሰው ካልመጣ ቀኑንም ይደግማል። የተበላሹት ስልኮች መደርደሪያው ላይ ተቆለሉ።

"ባዘዘው፣ ስልኬን እያዳንከው ነው ወይስ ቀበርከው?" አለችው ፈውዚያ። "ሳምንት ሆነው እኮ፣ ወላሂ!"

"ነገ ይደርሳል።"

"ትናንትም ነገ ብለኸኝ ነበር።"

አንድ ጠዋት የጌሟ ድንጋይ ደከመ። ባዘዘው ሽቦዎቹን አወጣ። አዲሱን ድንጋይም አዘጋጀ። ከዚያ እጁ ቆመ። ሽቦዎቹን ሳያገናኝ አሮጌውን ድንጋይ ቢነቅለው፣ ያ ሃምሳ ሁለት ሺህ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ማን ያያል? "ተሳሳትኩ" ይላል፣ በቃ። ጣቱን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ግን ዜሮውን አሰበው። ዜሮ ደግሞ የማን ነው? በዚያ ላይ የባዘዘው እጅ ድንጋይ ሲቀይር እንደማይሳሳት የማርቆስ መናኸሪያ በሙሉ ያውቃል። እየተሳደበ ሽቦዎቹን አገናኛቸው።

እንዲህ እያለ ነሐሴ አጋማሽ ደረሰ። ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው፣ መንገዱ ተከፍቷል፤ ሰው ይርመሰመሳል። ባዘዘው ከጠዋት ጀምሮ እየተጫወተ አርባ ዘጠኝ ሺህ ደርሷል። በሕይወቱ እዚህ ደርሶ አያውቅም። አለቃው መጣ።  በዚህ መሃል ምስጋናው ገባና በትከሻው ላይ አጎንብሶ ማየት ጀመረ። ባዘዘው የምስጋናው ትንፋሽ አንገቱ ላይ ሲሰማው እጁ ተንሸራተተ። ሞተ።

"አይ ባዜ!" አለ ምስጋናው እየሳቀ። "ከግራ ጠብቀው እንጂ! አምጣ፣ አምጣ፣ ላሳይህ።" ብሎ ጌሟን ከእጁ ወሰዳት።

ላሳይህ! ይችን ጌም እንዴት እንደሚይዛት እንኳ ያሳየው ማን ሆነና? ባዘዘው ብድግ ሲል በርጩማው ወደቀ።

"አስቀምጥ!"

"ምን ሆንክ?"

"አስቀምጥ አልኩህ! ሁለተኛ ይችን ጌም ብትነካ በቅዱስ ሚካኤል ገዝቼሃለሁ!"

በራፉ ላይ የነበረው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አንዱ ረዳት እንዲያውም አማተበ።

ግዝት ቀልድ አይደለም። በእኛ አገር ሰው ድንበር ሲገፋ ይገዘታል፤ ከብት ሲጠፋ ያየ እንዲናገር ይገዘታል። የተገዘተ ሰው ካህን እስኪፈታው ድረስ ያን ነገር አይነካም። ከነካ የሚደርስበትን እሱና መልአኩ ያውቃሉ። ለእርሻ፣ ለከብት፣ ለደም የሚወጣን ቃል፣ ባዘዘው አንበጣ በምትተኩስ ፕላስቲክ ላይ አወጣው። ከአፉ እንደወጣ እሱም ደነገጠ። ግን ሰው እያየው ነው፤ ምን ብሎ ይመልሰው?

ምስጋናው መሳቁን አቆመ። ጌሟን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

"እሺ ባዜ" አለ። "ግዝት ነው።" ወጥቶ ሄደ።

አልተጣላውም። ይህ ነው ባዘዘውን ያበሸቀው። በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ "እንደምን አደርክ ባዜ!" አለው። ሱቁ ግን አልገባም። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ጌሟ ደግሞ በር ላይ ካለችው መደርደሪያ ነው የምትቀመጠው። "ሳላውቅ ክንዴ ቢነካትስ?" አለ አሉ ለጓደኞቹ። ከዚያ ረዳቶቹም መቅረት ጀመሩ። ግዝቱ ለምስጋናው መሆኑን ያውቃሉ፤ ግን የሚካኤል ስም የተጠራባትን ዕቃ ማን ደፍሮ ይይዛል? "ለእኔም ይተርፈኝ ይሆናል" ይላል እያንዳንዱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በራፉ ጭር አለ። ስልክ የተበላሸበት ሰው ስልኩን አቀብሎ ይሄዳል።

ባዘዘው ብቻውን ተጫወተ። እልህ ያዘው። ጳጉሜንን ተጫወተ፣ ዓመት በዓሉ አለፈ፣ ተጫወተ። የመስቀል ማግስት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አለቃውን ለአራተኛ ጊዜ ገድሎ፣ ያቺን ዜማ ሰማ።

ሃምሳ ሦስት ሺህ ሰባ!

"አለፍኩት!" ብሎ ብድግ አለ። ቀና ሲል በራፉ ላይ ማንም የለም። አንድ የጋሪ ፈረስ ብቻ ጆሮውን እያወዛወዘ ቆሟል። ባዘዘው ጌሟን ይዞ ወደ ፈውዚያ ሱቅ ሮጠ። እሷ ለአንዲት ባልቴት ጨርቅ እየለካች ነበር።

"ፈውዚያ! እይው! ምስጋናውን በለጥኩት!"

ፈውዚያ ሜትሯን ሳትለቅ ቁጥሩን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው።

"ማሻአላህ" አለች። "ግን እሱ እኮ ከተወው ከአንድ ወር አለፈው። ከማን ጋር ተወዳድረህ ነው?"

"ቁጥሩን ነዋ!"

"እንኳን ደስ ያለህ እንግዲህ" ብላ ወደ ጨርቋ ተመለሰች።

ባዘዘው አልተዋጠለትም። ምስጋናው ራሱ ሊሰማ ይገባል። እሱ ያረረውን ያህል ባይሆን እንኳ ግማሹን ይረር! እየሮጠ መናኸሪያ ገባ። ምስጋናው ሚኒባሱ ላይ ወጥቶ የድንች ጆንያ እያሰረ ነው።

"በለጥኩህ!" አለው ከታች ሆኖ። "ሃምሳ ሦስት ሺህ ሰባ!"

ምስጋናው ገመዱን ይዞ ቁልቁል አየው። ባዘዘው ፊቱን አተኩሮ ተመለከተ፤ አንዲት ነገር ፈለገ፤ ትንሽ መጥቆር፣ ትንሽ ቅር መሰኘት። የለም። ምስጋናው ጥርሱን አሳየ።

"በእውነት? አይ ባዜ! እኔ እኮ እንደምትደርስበት አውቅ ነበር። እንኳን ደስ አለህ!"

"መጥተህ አታያትም?"

"ግዝት አለብኝ እኮ" አለ ምስጋናው፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ። ወርዶ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ ረዳቱ "ደብረ ወርቅ! ደብረ ወርቅ!" ብሎ በሩን ዘጋ፤ መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ባዘዘው ከነጌሙ ጭስ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ያሸነፈ ሰው እንዲህ ይከፋዋል? ከፋው። ሐምሌ ላይ ከከፋው ይበልጥ ከፋው።

ለየኔአለም ማታ ነገራት። እሷ የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ አየችው።

"ሚዜህን እኮ ነው የገዘትከው" አለችው። "ዘንድሮ ለመስቀል እቤታችን ያልመጣው ለምን መሰለህ? ጌሟን በዓል በዓል ይዘሃት ስለምትገባ ነው። ልጅ ልኬ ብጠይቀው ምን አለ መሰለህ? 'ቤቱ ውስጥ ካለች አልገባም፣ ባዜን መቀየም አይደለም' አለ። እኔ እንደሆነ አንተን ማየት አስጠልቶኛል። አባ ጋ ሂድ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባዘዘው የንስሐ አባቱን ቄስ የሺዋስን ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር አገኛቸው። መስቀል ተሳለመ።

"አባ፣ ሰው ገዝቻለሁ።"

"በምን ምክንያት? በመሬት ነው?"

"አይደለም አባ።"

"በከብት?"

"አይደለም። በ... አንበጣ የምትተኩስ ዕቃ አለችኝ።"

"አንበጣ መጥቷል እንዴ? የት ወረዳ?" ቄስ የሺዋስ ደንግጠው ሊነሱ ቃጣቸው።

"ኧረ የለም አባ! መጫወቻ ናት። የጠፈር መርከብ ናት፣ እርስዎን እንዴት አድርጌ ላስረዳዎ... በእጅ ነው የምትያዘው። ዕቃዋ አሮጌ ናት፤ እንዳትበላሽብኝ ብዬ ነው ምስጋናውን እንዳይነካት የገዘትኩት።"

"ሌላ ሰው ይነካታል?"

"አዎ፤ ሁሉም ሰው ይነካት ነበር።"

"እነሱንም ገዝተሃል?"

"አይ።"

"ታዲያ እሱን ብቻ ለምን?"

ባዘዘው የነጠላውን ጫፍ ጠመዘዘ። ቄሱ አላቻኮሉትም።

"በለጠኝ፣ አባ።"

ይስቁብኛል ብሎ ነበር። አልሳቁም። "አየህ" አሉት፣ "የሊቀ መላእክቱን ስም ለቅናትህ አጥር አደረግኸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው።" አርባ አንድ ስግደት ሰጡት። ሲያበቁ ደግሞ "የገዘትከው በሰው ፊት ነው፤ ምክንያቱንም በሰው ፊት ተናገር። እንዳሁኑ ዙሪያውን አትሂድ፤ ነገርየውን በስሙ ጥራው። ከዚያ ሰውየውን ይዘህልኝ ና፤ እፈታዋለሁ" አሉት።

አርባ አንዱ ስግደት ምንም አልነበረም። ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሲገባ ነው የከበደው። ሹፌሮቹ በተራቸው ቆመዋል፣ ረዳቶቹ ይጯጯሃሉ፣ ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቃል። ምስጋናው ጎማ ይመታል። ባዘዘው ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም አልሰማውም። ደግሞ ጠረገ።

"ወገኖቼ!" አለ በመጨረሻ። "ምስጋናውን የገዘትኩት ጌሟ እንዳትበላሽ አይደለም። ስለበለጠኝ ነው። ቀንቼ ነው! አሥራ አምስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሚዜዬ ላይ ቀናሁ። በቃ።"

ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። 

"ይሄንንማ ሁላችንም እናውቃለን እኮ!" አለ ከኋላ አንድ ረዳት። "እኛ ሌላ አዲስ ነገር መስሎን!" መናኸሪያው በሳቅ ፈነዳ። ምስጋናው ብቻ አልሳቀም። መጥቶ ትከሻውን ያዘው።

"ና እንሂድ፣ አባ ጋ" አለው።

ተያይዘው ሄዱ። ቄስ የሺዋስ ጸሎት አድርሰው፣ መስቀላቸውን በምስጋናው ራስ ላይ አድርገው ፈቱት። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ መናኸሪያ ደረሰ። ከምሳ በኋላ የባዘዘው በራፍ እንደ ድሮው ግጥም አለ። ፈውዚያም በርጩማዋን ይዛ መጣች። ምስጋናው ተቀመጠ፤ ጌሟን መጀመሪያ ባንድ ጣቱ ነካ አደረጋት፣ ከዚያ ያዛት።

በዚህ ጊዜ ባዘዘው ጀርባውን አልሰጠም። አጠገቡ ቆሞ አየው። ሃያ ሺህ። ሰላሳ። አርባ። አንድ ወር ያልነካት ሰው አይመስልም። አርባ ስምንት ሲደርስ የባዘዘው ሆድ እንደገና ማረር ጀመረ። "ሙት፣ ሙት፣ ሙት" ይላል በልቡ። አርባ አንድ ጊዜ የሰገደበት ጉልበቱ እያመመው፣ "ሙት" ይላል። በራሱ አፈረ፤ ግን አላቆመም።

ሃምሳ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ። አለቃው በአራተኛው ዙር ላይ ነው፤ ሊሞት አንድ ጥይት ብቻ ነው የቀረው። ከግራ በኩል የአለቃው ጥይት መጣ። በቀኝ በኩል ቦታው ሰፊ ነው። ምስጋናው ዝም ብሎ ወደ ግራ ነዳት። መርከቧ ከጥይቱ ጋር ተጋጨችና ጠፋች።

"አይይይ!" አሉ ረዳቶቹ።

"በቃ" አለ ምስጋናው እየሳቀ። "ባዜ፣ አንተን የሚችልህ የለም።"

"ይበል ባዘዘው!" አለ አንዱ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ሃያ ዓመት የለመደው ነገር ነው፤ ተመልሶ መጣለት። እጃቸውን ዘረጉለት። የሆነውን ልብ ብሎ ያየ ማንም የለም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያችን መርከብ ወደ ግራ የነዳት እጅ ሆን ብሎ መሆኑን ሊያውቅ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባዘዘው ነው። ዝም ቢል ቁጥሯ የእሱ ናት።

 መበለጥን ያውቀዋል፤ ለካ ከእሱ የባሰ አለ።

"ሆን ብለህ ነው" አለው።

"ኧረ ባዜ፣ እጄ አልታዘዘኝም።"

"ከግራ ጠብቀው ያልከኝ አንተ አይደለህም? አትዋሸኝ! እኔን ነው እንደ ሕፃን የምታባብለው?"

ምስጋናው ቀና ብሎ አየው። ሳቁ ጠፋ። "ታዲያ ምን ላድርግ?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "የምሬን ከተጫወትኩ ደግሞ ትቀናለህ።"

"እቀናለሁ!" ብሎ ጮኸ ባዘዘው። "ብቀና ምን አገባህ? የምቀናው እኔ! የሚያርረው የእኔ ሆድ! አንተ ዝም ብለህ ተጫወት!"

ከውጭ "ምስጋናው! ደብረ ወርቅ! ና ጫን!" የሚል ድምፅ ተጣራ። ምስጋናው ዓይኑን ከባዘዘው ላይ ሳይነቅል፣ "ሌላው ይጫን፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለ። እግሮቹን አመቻቸ፤ ጌሟን እንደ አዲስ ጀመረ።

የምሩን ተጫወተ። ባዘዘው አንዲት ሰከንድ ዓይኑን አልነቀለም። ሲያዩት እኮ ያምራል! ያ ረጅም ሰው፣ ያ ወፍራም አውራ ጣት፣ መርከቧን በጥይቶቹ መካከል እንዴት አድርጎ እንደሚያሳልፋት! ሃምሳ ሦስት ሺህ ሰባ መጥታ አለፈች። ሃምሳ አራት። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ አምስት ሺህ ስምንት መቶ ሃያ ላይ ሞተ፤ ዜማዋ ተሰማች።

የባዘዘው ሆድ አረረ። እንደ ሐምሌው ነው ያረረው፤ ስግደቱም ንስሐውም አንዲት ነገር አልቀነሱለትም። ጥርሱን ነክሶ፣ ረዳቶቹን ሁሉ ቀድሞ፣ "ይበል!" አለ። ከዚያ ምስጋናውን በክርኑ ገፋ አድርጎ እበርጩማዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"በል አምጣ ወዲህ" አለው። "አንተ ደግሞ የትም እንዳትሄድ።"